ሁለተኛ ፎቅ ለሌለው ፋብሪካ ስለተላከው ፕሮግራም

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ወልደጻድቅ፣
የዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ፣
አዲስ አበባ

(በድሬዳዋ የጆንያ ፋብሪካ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የተለጠፈ፣ ሰኔ 1980 ዓ.ም.)

ጓድ ወልደጻድቅ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ሙቀቱ የፈቀደልንን ያህል ደህና ነን፤ የላኩልን ፕሮግራም እንደሚለው ከሆነ ግን ብዙዎቻችን ሥራ ላይ የለንም።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፋብሪካችን አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሁሉን ነገር ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። ያለን አንድ ኮምፒዩተር የሥራ ሰዓታችንንና አድራሻችንን በራሱ መዝገብ ይዞ ይኖር ነበር፤ የእርስዎ ፕሮግራም ግን ስንቁን ቋጥሮ እንደመጣ እንግዳ የራሱን መዝገብ ጠቅልሎ ገባና የቤቱን አልቀምስም አለ። ቅሬታ ማለት ለእርስዎ ክብር ስለሚከብድ፣ ያስተዋልኩትን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ድሬዳዋ ላይ ማለዳ ገብተን፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ እስክትበርድ አርፈን፣ አመሻሽ ላይ እንደምንወጣ የኮምፒዩተራችን መዝገብ ያውቃል። እርስዎ ከፕሮግራሙ ጋር ያሸጉት መዝገብ የሚያውቀው የቢሮዎን ሰዓት ስለሆነ፣ ቀትር ላይ ያረፈውን ሁሉ ቀሪ ይለዋል፤ በማለዳ የተሠራውንም እንዳልተሠራ ይቆጥረዋል። በዚህ ጥበብ ዕድሜዋን ጆንያ ስፌት ላይ የጨረሰችው ወይዘሮ ቱሪያ ዓምራን ሥራ ጠል ሆና ተገኘች። የካርድ ቁጥሯ አንደኛ በመሆኑ እሷ ቀደመች እንጂ ሌሎቻችንም ተራችንን እየጠበቅን ነው።

2. ፕሮግራሙ ያወጣላት ማስጠንቀቂያ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ቀርበው ያስረዱ» ይላል። ይህም አድራሻ ከእርስዎ ሕንጻ ተጠቅልሎ የመጣ ነው፤ የእኛ ፋብሪካ ፎቅ የለውም። ወይዘሮ ቱሪያ ወረቀቱን ይዛ ግቢውን ስትዞር ቆይታ ዘበኛውን ሹክሪን ፎቁ መቼ እንደተሠራ ጠየቀችው። እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ስላልቀረበች ሁለተኛ ወረቀት ወጣ፦ ከሥራ ተሰናብታለች፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን የፋብሪካ ቤትም እስከ ቅዳሜ ትለቃለች። ልጆቿ ፍራሽና ድስት ማሰር ጀምረዋል። እዚህ ላይ ቀልዴ አልቋል፤ ነገሩ ያንገበግበኛል።

3. ሥራ አስኪያጃችን ስልክ ቢደውሉልዎ፣ እርስዎ ፕሮግራሙ እንዳይነካና ፋብሪካው ራሱን ከፕሮግራሙ ጋር እንዲያስተካክል አዘዙ። ፀሐይዋም ራሷን እንድታስተካክል ለየትኛው ክፍል እንደምንጽፍ ቢጠቁሙን ደስ ይለናል።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። ፕሮግራሙን እንደገና ሲያሽጉ የሰዓቱንና የአድራሻውን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ ባዶ ያገኘውን ከኮምፒዩተራችን መዝገብ አንብቦ ይሙላ። የቀድሞው ፕሮግራም እንዲህ ያደርግ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር ማሰብ ከሥልጣንዎ በታች መሆኑ አይጠፋኝም።

በማያውቁት አገር ላይ ሁሉን ወስነው የመላክ ድፍረትዎን እያደነቅሁ፣ በዚህ ሙቀት ሊገኝ በሚችለው ትሕትና ሁሉ፣

አሰገደች ወልደ ማርያም
የሠራተኞችን ካርድ ወደ ኮምፒዩተሩ የምታስገባው

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር የላኩት ፕሮግራም ሲጫን ለማየት መጥተው ሳለ፣ ቀትር ቀትር ላይ በእንግዳ ማረፊያው ማራገቢያ ሥር ተኝተው ነበር። ግቢው የገባ ሁሉ ካርዱ ይመዝገብ በሚለው መመሪያዎ መሠረት የእርስዎንም ካርድ አስገባሁ፤ ፕሮግራሙም ሳያዳላ ቀሪ ብሎዎታል። ማስጠንቀቂያዎ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ተለጥፏል፤ ሁለተኛ ፎቅ ቀርበው እንዲያስረዱ ይላል። እርስዎ ደረጃውን ያውቁታልና፣ ከቅዳሜ በፊት ሲወጡ የወይዘሮ ቱሪያንም ጉዳይ ይዘውላት ይውጡ።