የጠገንኩት ድምፅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለምን «ሪቨርብ ነው» አልኩት? እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ዮናስ እኮ አይበላኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥራ ወጥቼ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። ዕቃ ቤት የምለው ኳየራችን መዝሙር የሚቀዳበትን የቸርቻችንን ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ቸንክረንበታል፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ስቱዲዮ ብሎ መጥራት ያሳፍረኛል። ከኢንተርኔት ቤት ያተምኩት የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ፣ ከቅኝት የወጣ ድምፅን ስለማቃናት የሚያወራው ምዕራፍ ደርሻለሁ። ግማሹ አይገባኝም፣ እየነካካሁ ነው የምማረው። መሞከሪያ የሚሆን የተበላሸ ድምፅ ፈለግሁ። ያለን የተበላሸ ድምፅ ደግሞ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ የእህት አስናቀች ነው።

እህት አስናቀች የኮምቦልቻ ናቸው። ኳየሩን ከመሠረቱት አንዷ። በደርግ ጊዜ በየሰው ቤት ተደብቀው፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደው፣ በሹክሹክታ ሲዘምሩ ከነበሩት። ከሁለት ዓመት በፊት እንቅርታቸውን በቀዶ ጥገና ካስወጡ ወዲህ ድምፃቸው ሻክሯል፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ይሰነጠቃል። መዝሙሩን ራሳቸው ስለደረሱት ነው እንጂ በዚህ አልበም ሶሎ ባልዘመሩ።

መጀመሪያ ቅኝቱን አቃናሁ። ቀጥሎ የሚሻክረውን የድምፁን ክፍል ቀነስኩ። የተሰነጠቀችውን ከፍተኛ ኖታ ቆርጬ ጣልኳትና ከመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ጤነኛ «አ» አምጥቼ ወደ ላይ ጎተትኳት። ስፌቱ እንዳይታወቅ ሪቨርብ ነሰነስኩበት፤ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተዘመረ ያስመስለዋል። ሳዳምጠው ስፌቱ የለም! ብቻዬን ጨፈርኩ።

የኳየሩ መሪ ዮናስ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቆሞ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ። «ትንሽ ሪቨርብ ነው» አልኩት። «እጅሽ ይባረክ» አለና በሲዲ አስገልብጦኝ ይዞት ሄደ። ነገ ኮምቦልቻ ጉዳይ አለው፣ ያሰማቸዋል።

ውሸት አይደለም። ሪቨርብም አለበት። ግን ምስጋናው ጣፈጠኝ፣ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዝናብ ሠራሁ! የመዝሙሩ መግቢያ ላይ ዝናብ ይግባ ተብሏል፤ በኅዳር ደሴ ላይ ዝናብ ከየት ይመጣል? የእናቴን ሽምብራ ቆርቆሮ ላይ ቀስ እያልኩ እያፈሰስኩ ቀዳሁት። እንዳለ ሲሰማ ሽምብራ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ቀንሼ፣ ፍጥነቱን አውርጄ፣ ሦስቴ ስደርበው የሐምሌ ዝናብ ሆነ። እናቴ «እህሌን አፈር አስበላሽው» ብላ ተቆጣችኝ። ትቆጣ።

ደስታዬ እስከ አመሻሽ ነበር። ዮናስ ደወለ። እህት አስናቀች ሲዲውን እንደሰሙ ተንበርክከው አለቀሱ። «ጌታ ድምፄን መልሶልኛል! እኔ ከውስጥ ስለምሰማው ነው እንጂ የሚሻክረው፣ ለካስ በውጭ ድኗል» አሉ። እሑድ ደሴ መጥተው ምስክርነት ይሰጣሉ። ከዚያ መዝሙሩን በመድረክ ይዘምሩታል።

በመድረክ። ያለ ኮምፒውተር።

ሞኝ ናቸው እንዳልል፣ የራሱን ድምፅ ማን ያውቀዋል? እኔም መጀመሪያ የተቀዳሁ ጊዜ «ይቺ እኔ አይደለሁም» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ራት አልበላልኝ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሥራ ቦታ አንድ ማመልከቻ ገልብጬ ፎቶኮፒ አነሳሁ፣ ሌላውን ባዶ ወረቀት አወጣሁት። አእምሮዬ የሚዞረው ይኼው ነው፦

ለዮናስ ብናገር፣ ኳየሩ በሙሉ ከእሳቸው በፊት ይሰማል።

ለእሳቸው ብናገር፣ እንዴት ብዬ?

ዝም ብል፣ እሑድ ያቺ ኖታ ላይ ሲደርሱ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት...

ምናልባት በእርግጥ ድነው ቢሆንስ? እዚህ ላይ ራሴን ታዘብኩት። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ አይቻለሁም። ግን ያቺን «አ» ወደ ላይ የጎተትኳት እኔ ነኝ፤ በማውስ።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሰይድ «ሰብልዬ፣ ዛሬ ቀልብሽ የት ነው?» አሉኝ። በተዘዋዋሪ ጠየቅኋቸው። አንድ ፎቶ አንሺ የሰውን ጠባሳ ከፎቶው ላይ ቢያጠፋለት፣ ሰውየውም ጠባሳው ከፊቱ የጠፋ ቢመስለውስ?

«መስታወት የለውም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

የለውም አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። «እንግዲያ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋላ! ወላሂ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ብትነግሪው ይቆጣሻል፤ ሰው ፊት ካዋረድሽው ግን መቼም አይረሳልሽም። አብሽሪ፣ አላህ ያግራልሽ።»

ፎቶ አንሺው እኔ እንደሆንኩ በምን አወቁ? ፊቴ ላይ ተጽፎ መሆን አለበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደወልኩላቸው። ልናገር ነበር፣ እውነቴን ነው። አፌን ሳልከፍት «የኔ ልጅ፣ ጌታ በእጅሽ ተጠቅሟል፣ ተባረኪ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ወሬ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ አዲስ አበባ ለጉሮሮ ሐኪም ለሚመጣው ማክሰኞ የነበራቸውን ቀጠሮ ትተውታል። «የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

ቀጠሮውን በስንት ደጅ ጥናት ነው ያገኙት። የላካቸው ሐኪም፣ ጉሮሯቸው ቶሎ ከታየ ሊስተካከል ይችላል ብሏቸው ነበር፤ ዮናስ ራሱ ነው የነገረኝ።

እኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጋሽ ሰይድን አስፈቅጄ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያልተነካውን ቅጂ፣ ጥሬውን ድምፅ በሲዲ ይዣለሁ። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሹራቤን አወለቅሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር።

ቤታቸው ስደርስ ሰው ሞልቷል። ጎረቤት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሊል መጥቷል። «ይቺ ናት የቀዳችኝ!» ብለው መሐል ላይ አስቀመጡኝና ሲዲውን ከፈቱት። ያቺ የጎተትኳት «አ» ስትመጣ አንዲት ጎረቤታቸው እልል አሉ። «ማሻአላህ፣ የልጅነት ድምፅሽ እኮ ነው!» አሏቸው። እህት አስናቀች ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ ግን አያወጡም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ፣ ኮራሁ። እዚያ ተቀምጬ፣ ስፌቱ አለመታወቁ አኮራኝ። ይኼን ለማንም አልናገርም።

ያን ሁሉ ሰው መሐል እንዴት ልንገራቸው? ቦርሳዬን ሳልከፍት ተነሣሁ። በር ላይ ሲሸኙኝ ግን እንደምንም «ከመድረክ በፊት አንድ ጊዜ እንለማመድ፣ ነገ ዕቃ ቤት ይምጡ፣ ብቻዎን» አልኳቸው። እሺ አሉ። ፓፓዬ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ፓፓዬው ከሕሊናዬ አይከብድም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መብራት እንዳይጠፋ ጸለይኩ። ቀጥዬ እንዲጠፋ ጸለይኩ። አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ከዳገቱ የተነሣ እያለከለኩ። ሳይቀመጡ ልናገር ብዬ ወስኜ ነበር። ከስንት ቀን ጥናት በኋላ ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፦ «እህት አስናቀች፣ ድምፅዎን የመለሰው ጌታ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ሰው እንዲህ ይናገራል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

ተንተባተብኩ። በመጨረሻ ማስረዳቱን ትቼ ጥሬውን ከፈትኩላቸው። መዝሙሩ ጀመረ፣ ሻከረ፣ ያቺ ኖታ ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ከዚያ ያደረግሁትን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ይቺን አቃናሁ፣ ይቺን ቀነስኩ፣ ይቺን ከዚህ አምጥቼ እዚህ ቀጠልኩ። እንደ አስተማሪ። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

«ሰው ሁሉ የሚሰማው ድምፄ የመጀመሪያው ነው?»

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ደህና ነው፣ ምንም አልሆነ› ሲሉኝ የከረሙት ሁሉ ይኼን እየሰሙ ነው?»

እኔም ብያቸዋለሁ። ያልነው በይሉኝታ ነው። የሚወዱትን ሰው ድምፅሽ ተበላሽቷል ብሎ ማን ይደፍራል?

ማውሱን በጣታቸው እያሳዩ «እኔ የተንበረከክሁት ለዚህ ነው?» አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተባረኪ ሳይሉኝ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ስለ ቀጠሮው አለመናገሬ ትዝ ያለኝ ግቢው መሐል ሲደርሱ ነው። ከበሩ ላይ ሆኜ «ቀጠሮውን አይተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላሉም።

ነገ ይመጡ ይሆን? ቢቀሩስ? ቢመጡስ?

እሑድ፣ ኅዳር 14

መጡ።

ከሴቶች መሐል ፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ዮናስ ምንም አያውቅም፤ ፈገግ ብሎ ስማቸውን ጠራ። አዳራሹ የፈውሱን ወሬ ቀድሞ ሰምቷልና ገና ሲነሡ ሀሌሉያ አለ፣ አጨበጨበ። ማይኩን ያዙ። ያለ ሪቨርብ፣ ያለ ምንም፣ ያው የሻከረው ድምፅ ነበር።

«ጌታ ድምፄን መልሶልኛል ብዬ ልመሰክር ነበር» አሉ። «ገና አልመለሰልኝም። የምትሰሙት ይኼው ነው። ሁለት ዓመት ደህና ነው እያላችሁኝ የቆያችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን እያወቃችሁ ጸልዩልኝ። ማክሰኞ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ።»

ለእንዲህ ያለ ምስክርነት ምን እንደሚባል ያወቀ የለም። ለሀሌሉያ የተነሡ እጆች በአየር ላይ ቀሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። የእኔን ስም አላነሡም። ሳይዘምሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ዮናስ ወደ እኔ አየ፤ ገብቶታል። ነገ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ።

ሲያልቅ በጎን በር ልሾልክ ስል ክርኔን ያዙኝ። ትልቁ ግንብ አጥር ጥግ ወሰዱኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

«አልበሙ ላይ ጥሬውን አድርጊው» አሉ።

«እሺ።»

«ያኛውን ሰርዘሽዋል?»

«አልሰረዝኩትም። ዛሬ እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዢው!» አሉ፣ ክርኔን ጠበቅ አድርገው። ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሲዲው ላይ የምትዘምረው የሠላሳ ዓመቷ አስናቀች ናት። ያኔ መቅረጫ የት ነበረንና? በሹክሹክታ እየዘመርኩ ነው ያለፈችብኝ፤ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እሷን አትሰርዢብኝ፣ ልጄ። ለማንም አላሰማትም።»

አልሰርዝም አልኳቸው። የሠላሳ ዓመቷ አስናቀች እንዲህ ትዘምር እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ያኔ አልተወለድኩም። የጎተትኳት «አ» ብቻ ናት። ይኼን ግን አልነገርኳቸውም። ልንገራቸው ይገባ ነበር? በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እንዴት ይቻላል?

ማክሰኞ ይሄዳሉ። ሐኪሙ የሚለውን እስክሰማ ልቤ አያርፍም።