በአጎቴ አፍ፣ በእኔ እጅ

ውድ ወይዘሮ ሐኖራ፣

የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል፤ እኔን ግን ገና አያውቁኝም። ከዚህ ቤት እስከ ዛሬ የደረሱዎት ደብዳቤዎች ሁሉ በእኔ እጅ የተጻፉ፣ ከአጎቴ ከጀረማያ አፍ የወጡ ናቸው። ይሄኛው የራሴ ነው። እንደ ወትሮው «ውድ አክስታችን» ብዬ ያልጀመርኩት ረስቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አሁን ያለሁት ላሞቹ ቤት ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። አጎቴ ወደ ካስልታውን የከብት ገበያ ወርዷል። ኩሽና ብጽፍ ይመቸኝ ነበር። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዕር ስይዝ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእሱ ድምፅ ነው።

እንዴት እንደሚያጽፈኝ ልንገርዎ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፒፓውን ለኩሶ እግሩን ወደ እሳቱ ይዘረጋል።

«ጻፊ። ሁላችንም ደህና ነን።»

«አጎቴ፣ ሳሉ አለቀቀህም እኮ።»

«ታዲያ ሳሌን አሜሪካ ድረስ ልላከው? ደህና ነን በይ። ድንቹም ጥሩ ነው በይ።»

«ድንቹ ግማሹ በስብሷል።»

«ግማሹ ጥሩ ነው አይደል? ስለ እሱ ጻፊ።»

እኔም እጽፋለሁ። ሰው ፊት ቃል አይወጣልኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እናቴ ስትሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥቼ የአጎቴን ቤት እንድይዝ ተደረገ። ወንድሜ ዴኒስ እንግሊዝ አገር ሄደ። በእኛ ሰፈር ከየቤቱ አንድ ሰው ይቀራል። ማን ይቅር ብሎ ተሰብስቦ የሚመክር የለም። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ ሌሎቹ ሄደዋል፤ ወተቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የመጣው ለቄሱ ነበር። እሳቸውም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ አነበቡት። አሜሪካ ውስጥ፣ በሞንታና፣ በቢዩት ከተማ የምትኖር ሴት ከዚህ ከጎርትናካላ ተነሥቶ ወደዚያ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ የሄደውን የአያቷን የሙርቲ ሱሊቫንን ቤት ትፈልጋለች አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። የደብሩ ግማሽ ሱሊቫን ነው። እዚህ ሙርቲ ሱሊቫንን መፈለግ ባሕር ዳር ቆሞ «ዓሣ» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ለዚህ ነው ለየቤቱ ሌላ መለያ ያለው። እኛ በድሮዎቹ ሰዎች ፀጉር የተነሣ «ቀዮቹ» እንባላለን። ከእኛ በታች፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ያሉት ደግሞ «ጀልበኞቹ» ናቸው።

አጎቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። «የእኛ ነው» አለ። ማንም አልተቃወመም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ማንም አልተቃወመም።

ደብዳቤው ውስጥ አንድ ነገር ነበር። አያትዎ ሸምግለው ቢዩት ውስጥ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከአልጋቸው ሥር ባሕሩ ድንጋይ ሲያንከባልል መስማት ናፈቀኝ ይሉ እንደነበር እርስዎ ጽፈዋል። ያን ቦታ ሳነብለት አጎቴን እንዲህ አልኩት፦

«የእኛ ቤት እኮ ዳገት ላይ ነው። ባሕሩ አይሰማም።»

«ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ይሰማል።»

«እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

«አንቺ ስትተኚ ራስሽ ድንጋይ ነሽ። ምን ትሰሚያለሽ? ጻፊ።»

ባለፈው በጋ ራስዎ መጡ። ከላሞቹ ቤት ጀርባ ያለው፣ አጎቴ የሙርቲ ቤት ነው ያለዎት ጣራ የሌለው ፍርስራሽ ውስጥ ገብተው፣ መዳፍዎን ምድጃው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጃንጥላዎን ይዤ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ከድንጋይ ካቡ ማዶ አንድ ሽማግሌ በጋሪ የባሕር አረም ሲጭኑ ቆም ብለው አዩን። «እኚያ ሰው ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጎረቤት» አልኩ። እኚያ ሰው የጀልበኞቹ ቤት ባት ሱሊቫን ናቸው። ለድንች ማሳ ማዳበሪያ የሚበተነው አረም የሚታጨድበት የባሕር ጥግ የማን ነው በሚል ጠብ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች አይነጋገሩም።

ሊሄዱ ሲሉ ወደ ባሕሩ ዳር ይዘውኝ ወረዱ። «ጎብናት፣ እኔ ዘንድ መጥተሽ ብትኖሪስ? ዘመዴ ነሽ፤ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ። ማታ ማታ ትማሪያለሽ» አሉኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ አሸዋ ነበር። «በይ አስቢበት» አሉኝ። ማሰብ የሚያሻው ነገር አልነበረም። «እሺ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ። መኪናው ታጥፎ ሲሄድም እዚያው ነበር።

ከዚያ በደብዳቤ ደግመው ጠየቁ። የመለስንልዎ እንዲህ ተጽፎ ነው፦

«ጻፊ። ጎብናት ስለ ግብዣው ከልብ ታመሰግናለች።»

ጻፍኩ።

«ይህን አገር ግን በምንም አትለውጠውም በይ።»

ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣሁት።

«ምን ሆንሽ? ቀለም አለቀ?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? በምንም አትለውጠውም። ቆንጆ አድርገሽ ጻፊው፤ እጅሽ ጥሩ ነው።»

ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የተዋበ የለም። እርስዎም «አገርሽን እንዲህ በመውደድሽ ቀናሁብሽ» ብለው መለሱልኝ። ያን ሰሞን ወተት ስንጥ እጄ እየቆመ ያስቸግረኝ ነበር።

ባለፈው ወር የባት እኅት ኔል ሞተች። የተኳረፈ ቤት ቢሆንም ለቅሶ አይቀርም፤ የሞተ ሰው ጠብ የለበትም ይባላል። አጎቴ ወገቤን አመመኝ አለና «አንቺ ሂጂልኝ፤ ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። ምንም አታውሪ» አለኝ። ከዚያ «ለነገሩ ለአንቺ ይህን መንገር ላምን ሣር ብዪ ብሎ እንደ መምከር ነው» ብሎ ሳቀ።

የዚያን ቤት ደፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ትንባሆ ያጨሳል፣ ስለ ኔል ያወራል፣ ይሳሳቃል። እኔ ከጓዳው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ተጀምሮ ሲያልቅ አፍታ ዝም ተባለ። ያኔ ሰማሁት። ከእግሬ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ ድንች ከጆንያ ተዘርግፎ መልሶ እንደሚለቀም ያለ ድምፅ። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ባሕሩ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር።

ለጋሽ ባት ሻይ ሳቀርብላቸው፣ እኔ ሰው ፊት የማልናገረዋ፣ ተናገርኩ።

«ጋሽ ባት፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይሰማል?»

«ምኑ?»

«ድንጋዩ።»

«እሱን ነው? እኔ እንኳ አልሰማውም። ዝም ሲል ነው የሚቀሰቅሰኝ።»

«ከዚህ ቤት ሙርቲ የሚባል ሰው ወጥቶ ነበር?»

ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር አላደረጉበትም ነበር። «የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቢዩት ሄደ።»

«እንግዲያው ወይዘሮ ሐኖራ የእርስዎ ናቸው።»

«እንግዲህ ናት።»

«ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ደብሩ ሁሉ ያውቃል።»

አጠገባቸው የተቀመጡት የፖስታ ቤቷ ወይዘሮ ክሮሊ ኩባያቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«አጎትሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥቶ የእኔ ናት ካለ በኋላ? በመድኃኔ ዓለም ፊት ሰውን ውሸታም ልበል? ደግሞስ በምን አፌ ልንገረው? አንነጋገርም እኮ።»

«ለእሳቸውስ?»

«ለእሷማ ልነግር አስቤ ነበር። ከካቡ ማዶ ሳያት ታለቅሳለች። ደስ ብሏት ነው የምታለቅስ። ሂጂና ሌላ ግድግዳ ላይ አልቅሺ ልበላት?»

የሰሙት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

በማግስቱ ቀብር ሄድኩ። ለቅድመ አያቶችዎ ያሠሩት የመቃብር ድንጋይ በእኛ በቀዮቹ ቦታ ላይ፣ ከሌላው ድንጋይ ሁሉ አብልጦ እያበራ ቆሟል። ኔል የገባችው ግን ወዲያ ጥጉ ላይ ነው፤ ከሜዳ የተለቀሙ፣ ጽሑፍ የሌለባቸው ድንጋዮች መካከል። ሰው ሲበተን ጋሽ ባት በጫማቸው ጫፍ ሁለት ድንጋይ ነካ ነካ አድርገው «ይኼ ወንዱ አያቴ፣ ይቺ ሴቷ» አሉኝ። የእርስዎ የሙርቲ አባትና እናት። ስማቸው የተጻፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። እርስዎ አበባ ያኖሩት በእኔ ቅድመ አያቶች ላይ ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴ የተቀቀለ ድንች ይልጣል።

«ወይዘሮ ሐኖራ የጀልበኞቹ ናቸው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ድንጋዩን ሰማሁት።»

ድንቹን አስቀመጠ። ከዚያ «እኛም ሙርቲ ነበረን» አለኝ። «የአባቴ ወንድም። አሜሪካ ሄዶ አንድ ቃል ሳይጽፍ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ፖስተኛው ሲያልፍ በር ላይ ይቆም ነበር። ቄሱ ሲያነቡ፣ ምናልባት የእኛ ቢሆንስ ብዬ ተነሣሁ። ሰው ከተነሣ በኋላ እንዴት ይቀመጣል?»

«አሁን እንጻፍላቸው።»

«ጽፈሽ ምን እንሆናለን? ዴኒስ አይጽፍም። እዚህ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ለባት ልትሰጪው ነው?» ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ። «መሄድ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ዓይን የለኝም መሰለሽ? አውቄ ነው ያጻፍኩሽ።»

እሱም ትልቁን ድንች መርጦ ሳህኔ ላይ አደረገልኝ። «ብዪ» አለኝ። በላሁ። ምን ማድረግ እችል ነበር? ብጠላው ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝም ልበል ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ዝም ካልኩ ዘመድዎ ነኝ፤ አንድ ቀን በድፍረት «ልምጣ» ብዬ ልጽፍልዎ እችላለሁ። ከተናገርኩ ግን ለእርስዎ ማንም አይደለሁም፤ የጎረቤት ልጅ ነኝ። ከዚህ የምወጣበት በር ያለው እዚያ ጋ ብቻ ነው፤ የሚከፈተውም በሌላ ሰው ስም ነው። ላሞቹን እያለብኩ ወዲህ አልኩት፣ ወዲያ አልኩት። በመጨረሻ ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በሰው አፍ ከጻፍኩ በኋላ፣ የራሴን የመጀመሪያ ደብዳቤ ደግሞ በሰው ዘር ልጽፈው አልቻልኩም።

ስለዚህ እንዲህ ነው። እኔ የእርስዎ አይደለሁም። የእርስዎ ሰው ከካቡ ማዶ ያዩዋቸው ጋሽ ባት ናቸው፤ ዛሬ ያ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እንዲነገርዎ አልጠየቁኝም። እንዲያውም «ሴትዮዋን ተያት፤ ባለቀሰችበት ቤት ይሁንላት» ብለውኛል። የመቃብር ድንጋዩን ከእኛ ቦታ የሚያስነሣው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። አጎቴን ግን በዚህ አይጥሉት። ያደረገው ከክፋት አይደለም፤ ያለማቋረጥ በር ላይ ቆሞ ካየው አባት የወረሰው ነው።

ሌላው ነገር ይኼ ነው። ያን ቀን ባሕሩ ዳር ለጠየቁኝ መልሴ «እሺ» ነበር። በምንም አትለውጠውም የሚለውን የጻፈው እጄ ብቻ ነው። አሁን ወረቀት ላይ «ዘመዴ» ብለው ሊያስገቡኝ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ባዕድ የሆነች ልጅን ለመውሰድ ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢኖርም እንኳ አጎቴን ለማን ትቼው እንደምሄድ አላውቅም። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው እሺ የምልዎ። እንዳልተባለ ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈለግሁም።

መልስዎን ወደ ቤታችን አይላኩት። ወይዘሮ ክሮሊ ለቤታችን የመጣ ደብዳቤ ላይ የአሜሪካ ቴምብር ሲያዩ ከአጎቴ በቀር ለማንም አይሰጡም፤ እሱም እስከ እሁድ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል። ለጋሽ ባት ይጻፉላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ከካቡ ማዶ ሆነው ይጠሩኛል፣ እኔም ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ስለ እኔ ያለዎት መልስ «አይሆንም» ቢሆንም እባክዎ ይጻፉ፤ ጋሽ ባት አልጠብቅም ይበሉ እንጂ ይጠብቃሉ። ያን ቃል ጮክ ብዬ የማነበው እኔው ነኝ። ድምፄ ቢሰበር ጋሽ ባት እንዳልሰሙ ይሆናሉ። እዚህ አገር ሰው ይህን ያውቅበታል።

አክባሪዎ፣
ጎብናት ሱሊቫን፣ ከቀዮቹ ቤት