«የለም» ተብሎ ስለተመዘገበው ጥይት፣ ከ36 ቁጥር አሻጊ ልጅ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው
ቁጥር፦ 36

ለተከበሩ የምርት ግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ያቺ ጥቁር መኪናዎስ ደህና ናት? ስለ መኪናዎ የጠየቅኩት ለወሬ ያህል አይደለም፤ በኋላ ስለምመለስባት ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ሙሉ ፈርቻለሁ። እኔ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ ካለፈች በኋላ በእግሯ የምትመለስ ልጅ ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ለማን አበደርሽው?» ትለኛለች። የምጽፈው ደፋር ሆኜ ሳይሆን መጻፍ ከመናገር ስለሚቀለኝ ነውና፣ ድፍረት ከመሰለዎ ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ።

ይቅርታ የሚያስጠይቀኝ ሌላም ጥፋት አለኝ። እርስዎ በዘጉት የጥይት ፋብሪካ ውስጥ እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥይት እየመረመረች ስታሽግ ኖራለች። በደንቡ መሠረት እያንዳንዷ አሻጊ ሣጥኑን ከመዝጋቷ በፊት ቁጥሯና ቀኑ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ከጥይቶቹ ላይ ታኖራለች፤ ጥይቱ ቢከሽፍ በማን እጅ እንዳለፈ እንዲታወቅ ነው። የእናቴ ቁጥር 36 ነው። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ምሳዋን ይዤ ስሄድ በጥበቃዎቹ ክፍል አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ካርዶቹን የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ጥፋቴ እሱ አይደለም። ጥፋቴ፣ ባዶ መሆን ባለበት የካርዱ ጀርባ ላይ ለወንድሜ መጻፌ ነው።

ወንድሜ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጦር ግንባር ነው። ከስንት ሺህ ሣጥን አንዱ እሱ ዘንድ ይደርስ ይሆናል ብዬ «ጉንፋንህ ተሻለህ?»፣ «እማ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል»፣ «ካልሲህን አድርቅ» እያልኩ በደቃቅ ፊደል እጽፍ ነበር። ባለፈው ዓመት አንዱ ደረሰ። ወንድሜ ሲመልስልኝ «ቁጥሩን ሳላይ ነው ያወቅኩሽ፤ እንዲህ ያለ የዶሮ ጭረት የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው» አለኝ። የደረሰው ስለ ካልሲው የጻፍኩት ነበር። የመቶ አለቃቸው አንብቦ ስለወደደው ትእዛዝ አደረገው። ማዕድ ላይ ጨው አቀብሉኝ ማለት የማፍር እኔ፣ ሃምሳ የታጠቀ ወንድ ካልሲ እንዲያደርቅ አዝዣለሁ። ስለ ራሴ የማውቀው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በአገሩ ሁሉ ጥይት ባጠረበት ሰዓት የኛን ጥይት ለመቁጠር እኛ ድረስ መምጣትዎ እጅግ አስደስቶኛል። የመጡት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። እጥረቱ ከጀመረ ወዲህ የታሸገ ሣጥን ከእናቴ ጠረጴዛ ተነስቶ በቀጥታ መኪና ላይ ይጫናል እንጂ በመጋዘን አያድርም። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሣጥን ስላላደረበት የመጋዘን ኃላፊው «ይህን ወለል ለኳስ ሜዳ ባውለውስ?» እያለ ይቀልድ ነበር። ለእርስዎም በትሕትና አስረድቶዎት ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ያለውን እንዳለ ልጻፈው፤ «ጌታዬ፣ መጋዘን እንደ እናት ጡት ነው፤ ልጁ ከጠባው በኋላ ባዶ ነው ተብሎ እናትየዋ መካን አትባልም» ነው ያለዎ። እርስዎም በቅጹ ላይ የጡት ቦታ እንደሌለ ነገሩት። ቅጹ ያለው «በመጋዘን የተገኘ ምርት» የሚል ቦታ ብቻ ስለነበር፣ በሚያምረው ብዕርዎ «የለም» ብለው ጻፉበት። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳሙና ተሽጦ ያለቀበትን ሱቅ ሳሙና አይሸጥም ብሎ ለመዝጋት ከፍተኛ ትምህርት እንደሚጠይቅ ይገባኛል።

እዚህ ላይ ነው መኪናዎ የምትመጣው። እርስዎ በጥበቃዎቹ ክፍል ውስጥ «የለም» ሲጽፉ፣ ጥቁሯ መኪናዎ በሩ ላይ ተገትራ ነበር። ከኋላዋ ደግሞ እስከ አፉ የተጫነ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ መውጫ አጥቶ ቆሟል። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ገብቶ «ጌታዬ፣ መኪናዎን ፈቀቅ ቢያደርጉልኝ፣ የለም ያሉትን ይዤ ልወጣ ነበር» ሲልዎ፣ እርስዎ ቀና ሳይሉ «ተራህን ጠብቅ» አሉት። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። እኔ በጥበቃዎቹ አግዳሚ ላይ ካርዶቼን ይዤ ከእርስዎ ስድስት እርምጃ ርቄ ተቀምጬ ነበር። «ዞር ብለው ይዩ» ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል ናት። አፈርኩ። ስለዚህ ፋብሪካው የተዘጋው በእርስዎ ብዕርና በእኔ ዝምታ ነው። ክብሩን ብቻዎን እንዳይወስዱት ብዬ ነው የማስታውሰው።

ሁለተኛ፣ ሪፖርትዎ በር ላይ ስለተለጠፈልን አመሰግናለሁ። ከአሻጊዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ እናቴ «እስቲ የኔ ልጅ ታንብብላችሁ» ብላ ከፊት አቆመችኝ። ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩ። «ምርት የማያመርት ፋብሪካ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ የእናቴ ጣቶች በነሐስ ቅባት እንደጠቆሩ ነበሩ። ከአሻጊዎቹ አንዷ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስናሽግ ነበር? ቆሎ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ቀርበው ግንባር ያሉት ልጆች ጥይት ቆጥበው እንዲተኩሱ መምከርዎን ሰማሁ። ምክርዎ ከመድረሱ በፊት ወንድሜ ቆጥቧል። በመጨረሻው ደብዳቤው «በቀን ለሰው ሰባት ነው የሚደርሰን። ሰባቱ እስከ ረፋድ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የምንተኩሰው ስድብ ነው። ስድቡም እያለቀብን ነው፣ አዲስ ካለሽ በካርድ ላኪ» ይላል። ይህ ከደረሰን አምስት ሳምንት ሆነው። የምልክበት ሣጥን ስለሌለ ስድቦቹን አላባከንኳቸውም፤ ለዚህ ደብዳቤ አስቀመጥኳቸው። ከዚያም እናቴ ያሳደገችኝን አስተዳደግ አስቤ ተውኳቸው። እርስዎ ሊቅ ስለሆኑ ባሉበት ቦታ ያገኙዋቸዋል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሽኝቱ ሥነ ሥርዓት ነው። ድንኳን ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «ላበረከቱት ከፍተኛ ምርት» የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት ተሰጠ። የሌለ ምርት በመስተዋት ሲመሰገን ያየሁት ያን ቀን ነው። የእናቴ ወረቀት ነፋስ የሚገባበትን የግድግዳ ስንጥቅ ልክ ሸፍኖልናል፤ መጠኑን ያወጣው ሰው ይባረክ።

ንግግርዎ እንዳበቃ «ለክብር ይተኮስ» አሉ። ሰባት ጥበቃዎች ተሰለፉ። ጥይቱ ከየት ይምጣ? እናቴ የፋብሪካው መዘጋት በታወጀ ቀን አሽጋው «ጭነት ቆሟል» ተብሎ ጠረጴዛዋ ላይ የቀረ የመጨረሻ ሣጥን ነበር። ያን አምጥተው ከፈቱት። እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ሰባት ሲባዛ በሦስት ሃያ አንድ ነው፤ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የወንድሜን የሦስት ቀን ድርሻ ነው የተኮሳችሁት። ሰማዩ እኮ ምንም አላደረገንም ነበር። እኔ ጥይት አልወድም፤ ድምፁንም ሽታውንም አልወድም። ወንድሜን ግን እወደዋለሁ፤ እሱ በሰባት ጥይት ከሞት ጋር ሲደራደር፣ እናንተ በሃያ አንድ ከደመና ጋር ስትጫወቱ ማየት ለታዳጊ ልጅ ጥሩ ትምህርት ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት ካርዱ ወደቀ። እርስዎ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ጀርባውን አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያም የጫማዎን አፍንጫ ጠረጉበት። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። ጀርባው ላይ «ራስህን ጠብቅ፣ ከእናትህ በቀር ማንም አይጠብቅህም» ብዬ ለወንድሜ ጽፌ ነበር። ለእሱ የተላከ ቃል ለእርስዎ ደረሰ። ግድ የለም፣ ምክሩ እንደ ካልሲው ለማንም ይሆናል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ወንበሩም ጭብጨባውም ሲቀር ያስታውሱት።

አራተኛ፦ የለም።

ቅጽ አሞላል የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ቦታውን ባዶ የተውኩት ግን ለአንድ ዜና ነው። ሁለት ሰዎች በጠዋት መጥተው፣ ቁጭ በሉ ሲባሉ ቆመው፣ መሬት መሬት እያዩ ለእናቴ የሚናገሩት ዜና። እስካሁን አልመጡም። ከመጡ፣ እርስዎ ራስዎ በዚያ በሚያምረው ብዕር እንዲሞሉት ይህን ወረቀት ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ። እስከዚያው በዓለም ላይ ካሉ ባዶ ቦታዎች ሁሉ ባዶ እንዲቆይ የምጸልየው ለዚህ አንድ ብቻ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ እናቴ ዕረፍት ነው። «አሁን ያርፋሉ» ብለዋት ነበር፤ እያረፈች ነው። ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ጭረት ትፈልግባቸዋለች። ትናንት አንዱን ሹካ «ይኼ አይለፍ» ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። አውራ ጣቷ እንቅልፍ ላይ እንኳ ብርድ ልብሱን ያገላብጣል። ቤታችን ከድስት እስከ መርፌ ተመርምሮ አልቋል፤ የሚቀጥለው እኔ ነኝ፣ እንዳልወድቅ እፈራለሁ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ማሽኖቹ ነገ ጠዋት ተጭነው ለብረት ማቅለጫ እንደሚሄዱ በማስታወቂያው አንብቤያለሁ። ከቀለጡ በኋላ ስህተት ነበር ቢባል የሚመለስ ነገር አይኖርም፤ ይህን እርስዎም ስለሚያውቁ ነው መሰለኝ የተቻኮሉት። ይህን ደብዳቤ ከሪፖርትዎ አጠገብ በፋብሪካው በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ማንበብ የማይችል ቢኖር አነብለታለሁ።

የቆጠሩት ሁሉ እንደቆጠሩት ይሁንልዎ፤ ጓዳዎን በከፈቱ ቁጥር የእኛን መጋዘን ያስታውስዎ እያልኩ፣ ወገቤን እስኪያመኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የ36 ቁጥር አሻጊ ልጅ
የካርድ ጀርባ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ኃላፊው
አርባ ደቂቃ ለጠበቀው ሾፌር
ለወንድሜ፣ ባለበት

ሳልረሳው፦ እናቴ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ፣ እርስዎ ለስላሳ ሲጠጡ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ሃያ አንዱንም ባዶ ቀለሃ ለቅማለች። ልማድ ሆኖባት እያንዳንዱን አገላብጣ አይታ፣ «አንድም የከሸፈ የለም» አለችኝ። ከዚያ ጥበቃዎቹ ባዶውን በተዉት በዚያው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደርድራ ካርድ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ቁጥር 36፣ ቀኑም ተጽፏል። በጀርባው ምንም አልጻፍኩም፤ ለእርስዎ ስለሆነ በደንቡ መሠረት ባዶ ነው። መጋዘንዎ ውስጥ ያኑሩት፤ ሌላ ኮሚቴ ቢመጣ የሚቆጥረው እንዳያጣ።

ሣጥኑን ነገ ጠዋት ራሴ አመጣዋለሁ። እናቴ አታውቅም። መኪናዎ ቆማበት በነበረው ቦታ፣ ልክ በሩ መሐል አስቀምጬ እቀመጥበታለሁ፤ ማሽን የጫነ መኪና የሚወጣው በዚያ ብቻ ነው። እርስዎ መጥተው ሃያ አንዱን በእጅዎ ቆጥረው በቅጽዎ ላይ እስኪጽፉ አልነሳም። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፍተው ፈቀቅ በይ ቢሉኝ፣ ተራቸውን እንዲጠብቁ እነግራቸዋለሁ። ጮክ ብዬ።