ከሬክስዴል እስከ ደሴቱ በዊልቸር

አባዬ፣ የኔ ሳቂታ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ዊንተር ገባ። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለችው ሰፈራችን ሬክስዴል ያው ናት፤ አውሮፕላኖቹ አሁንም ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ፣ ሊፍቱም ደስ ባለው ቀን ይሠራል። የተለወጥነው እኛ ነን። እኔ ተመርቄ ሥራ ያዝኩ፣ እማዬ ደግሞ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሳልጨርስ እንዳትስቅ ብቻ።

ሥራዬ ሪሞት ነው። ለሱቆች ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለኝ የትም ብሆን ግድ የላቸውም። እማዬ ግን ከቤት ያልወጣ ሰው ሥራ አለው ብላ አታምንም። ለካ እኔ ደሞዝ እየበላሁ እሷ ቸርች ውስጥ "ልጄ ቤት ተቀምጣ ቀረች" ብላ የጸሎት ርእስ አስይዛልኛለች! አንድ እሁድ እነ እትዬ አልማዝ ከበው እጃቸውን ጫኑብኝና ጌታ የሥራ በር እንዲከፍትልኝ ጮኸው ጸለዩ። ምን ልበል? አሜን አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አለቃዬ "ከፈለግሽ ከሌላ አገር ሆነሽም መሥራት ትችያለሽ" አለችኝ። እትዬ አልማዝ እስከ ዛሬ "የኔ ጸሎት ነው" ይላሉ።

ባርባዶስ የምትባለውን ሞቃት ደሴት የመረጥኩት ባንተ ምክንያት ነው። ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ ውለህ ስትመጣ የምታወራልን ወደ ደሴቶቹ ስለሚሄዱት ሰዎች ነበር፤ በበረዶ ቀን በነጠላ ጫማ ስለሚመለሱት። "እኔ እስከ በሩ አደርሳቸዋለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን እነሱ ያውቃሉ" ትል ነበር። ከበሩ ወዲያ ያለውን ማየት አማረኝ፣ አባዬ። ለሦስት ወር ብቻ።

ግን እማዬስ? ካረፍክ ወዲህ ከቤት ቸርች፣ ከቸርች ቤት ሆና ነበር። ትቻት ብሄድ ጭካኔ ነው፤ ብቀር ደግሞ ሁለታችንም እዚያ ሶፋ ላይ ልናረጅ ነው። በመጨረሻ እሷው "ሂጂልኝ፣ የተኮሳተረ ፊትሽን እያየሁ አልውልም" አለችኝ። መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ ስላት "ማን ይዞኝ?" አለች። እውነቷን ነው፤ ኤርፖርት ብቻዋን ገብታ አታውቅም። እግሯ ካንተ እግር የጠነከረ ቢሆንም፣ እዚያ ሁሌ በዊልቸር የምትገፋት አንተ ነበርክ።

ሄድኩ። ደሴቱም ላይ ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ላብ ብቻ ተጨመረበት። ጠዋት ሚቲንግ፣ ከሰዓት ባሕር። የጎረቤት አውራ ዶሮ ልክ እኔ መናገር ስጀምር ይጮሃል፤ አለቃዬ ስሙን ሳይቀር ጠይቃኛለች። እማዬን በየቀኑ ቪዲዮ ኮል አደርግና ስልኩን ወደ ባሕሩ አዞርላታለሁ። በዚያ ሙቀት "ነፋስ ይመታሻል፣ ደርቢ!" ትለኛለች።

አንድ ቀን አብሮህ ዊልቸር ይገፋ የነበረው ዊንስተን ደወለ። እማዬ በዚያች እንግሊዝኛዋ አናግራው ኖሯል። "ትኬቱን ቁረጪላት፤ እስከ አውሮፕላኑ በር የምገፋት እኔ ነኝ" አለኝ።

አባዬ፣ የደረሰች ዕለት ማየት ነበረብህ። አንድ ረጅም ሰውዬ እየገፋት ወጣች፤ ያንተን ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ እንደ ንግሥት። እኔን ስታይ ብድግ ብላ ሮጠች! ሰውዬው ባዶ ዊልቸር ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንግሊዝኛውን ፈርተው ዊልቸር ስለሚያዙት የሐበሻ እናቶች የምትነግረን ትዝ አለኝ፤ "ልጆቻቸውን ሲያዩ ሁሉም ይፈወሳሉ፣ ግን ምስክርነት ሲሰጡ የገፋቸውን አይጠሩም" የምትለው። አቅፋኝ ስታለቅስ ይህንኑ በጆሮዋ አልኳት። እንባዋ ሳይደርቅ ከት ብላ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አሁን ቤት ተመልሰናል፤ ውጪው በረዶ ነው። እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ እትዬ አልማዝን ስለ ባሕር በስልክ ታስተምራለች፤ አዲሱ የጸሎት ርእሷ ሌላ ደሴት ነው። ጃኬትህን ልሰቅል ሳነሳው ኪሱ ውስጥ አሸዋ አገኘሁ። ባሕር ዳር ነፋስ ፈርታ ለብሳው ነበር የምትወጣው። አላራገፍኩትም። አንተም በመጨረሻ ከበሩ ወዲያ ደርሰሃል ማለት ነው።

በየሄድኩበት ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋ ሰው ሳይ ቆሜ ስሙን እጠይቃለሁ። ያንተንም እነግረዋለሁ።

ከሶፋው የተነሳችው ልጅህ