ቁጥሩንም ተረጎምኩት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኢምፔሪያል ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ። ቢሮ አርፍጄ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ይጠሩኛል እያልኩ ዋልኩ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ከሥራ በኋላ ቦሌ ካፌ ቁጭ ብዬ የ«ቀጠሮ»ን መመሪያ ሁለት ገጽ ጨረስኩ። ዑቕባዝጊ ዛሬ ግሩፑ ላይ «አርባ የሚሆኑ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች እየተጠቀሙበት ነው» ብሎ ለጥፏል። ከአምስት ዓመት በፊት ብቻውን ሲጀምረው ማን አመነው? ማንም ሰው በነፃ ወስዶ፣ ለደንበኛው የቀጠሮ ቀንና ሰዓት በኛ አቆጣጠር በኤስኤምኤስ የሚልክበት ፕሮግራም። እኔ ኮዱን አልነካም። የኔ ድርሻ መመሪያው ነው፤ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መመለስ፣ ሲቀየር አብሮ መቀየር። «ሄርሞን ባትኖር ማን ያነበው ነበር» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኛል።

«ዴፕሪኬትድ» ይላል፣ «አለ፣ ግን ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» ለማለት፤ በአማርኛ ምን ልበለው? «ጡረታ የወጣ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። መልሼ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

«ጡረታ የወጣ»ን ሰረዝኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ምሳ ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። ሙስአብ የሚባል ሰው፤ ከጎሮ ወዲያ ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ። ኮድ በራሱ ነው የተማረው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ያንቺን ገጽ እያነበብኩ ነው የሠራሁት፣ አላህ ይስጥሽ» ይላል መጀመሪያ። ከዚያ…

«ምናልባት እኔ አልገባኝ ይሆናል። የዓይን ሐኪም በወር አንድ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት። ታካሚዎች ግን እሷ ከሄደች በኋላ ነው የሚመጡት። ሰዓት አታከብሩም እያልን ስንቆጣቸው ነበር። ባለፈው አንድ ሰውዬ ተናደው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩን። 8:00 ሰዓት ይላል።»

ስምንት።

ገጹን ከፈትኩት። ሦስተኛው ምሳሌ። አየሁት። «አይቼ እነግርሃለሁ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

በግልጽ ልጻፈው፤ እዚህ ማንም አያየውም።

እንግሊዝኛው ምሳሌ ላይ ሰዓቱ 8 ነው። የፈረንጅ ስምንት፣ የኛ ጠዋት ሁለት። ወደኛ ሰዓት የሚለውጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። እኔ ስተረጉም… ስምንትን አየሁ፣ ጠዋት መሆኑን አየሁ፣ እጄ 2 ብሎ ጻፈ። ቁጥሩንም ተረጎምኩት። ኮድ ውስጥ ያለ ቁጥር! እንግዲህ በኔ ገጽ የሠራ ሁሉ 2 ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የፈረንጅ ሌሊት ሁለት መስሎት «8:00 ሰዓት» ብሎ ይልካል። ስምንት ሰዓት የተባለ ሰው ከምሳ በኋላ ይመጣል። ሌሊት ክሊኒክ ማን ይሄዳል?

ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ 2ን ወደ 8 መለስኩት። ምን እንደቀየርኩ መግለጫ ይጠይቃል። «የፊደል ግድፈት ታረመ» ብዬ ሞላሁ። የፊደል! ለሙስአብ ደግሞ «ገጹን እንደገና ተመልከተው» ብቻ። ተሳስቻለሁ አላልኩም። ጣቴ እዚያ ድረስ አልሄደልኝም።

ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ኅዳር ሲታጠን። እማዬም የግቢውን ቅጠል ሰብስባ ለኮሰች። «ምነው ዓይንሽ?» ስትለኝ ጢሱ ነው አልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ገጹን አረምኩ። የተገለበጠውንስ? አንዴ ገልብጦ የሄደ ሰው ተመልሶ አያይም። ስንት ሰው ገለበጠ? በነፃ የሚወሰድ ነገር፣ ማን እንደወሰደው አይመዘገብም። አሁን ይህን ስጽፍ የሆነ ቦታ የሆነ ስልክ «8:00 ሰዓት» እያለ ይሆናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከቲጂ ጋር የጾም በየዓይነቱ አዘዝን። እሷ ቢሮአችን ውስጥ ኮድ የምትጽፍ ናት፣ ለመሥሪያ ቤታችን «ቀጠሮ»ን ያስገባችው እሷ ነች። ዞር ዞር ብዬ ነገርኳት። ሳቀች!

«ኧረ ሄርሚ፣ እሱን እኮ መጋቢት ላይ ነው ያየነው። ሁላችንም 8 አድርገን ነው የምንጠቀመው።»

«ሁላችንም ማለት?»

«ሌላው ግሩፕ ነዋ… አንቺ የሌለሽበት።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በነፃ የምትለፋን ልጅ ምን ብለን? ደግሞ ትከፊያለሽ። ባለፈው አንድ ነጠላ ሰረዝ ብነግርሽ ሳምንት አኩርፈሽኛል።»

እውነቷን ነው። አኩርፌያታለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ የወደዱኝ መስሎኝ። ተናደድኩባት። ከሷ ይልቅ በራሴ ነው መናደድ የነበረብኝ፤ ያም ቢሆን ሂሳቡን ሳልጠብቅ ተነስቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሙስአብ መለሰ። «አየሁት፣ 8 ነው የሚለው። በደንብ ሳላነብ ቀርቼ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ።»

ገጹ ላይ 8 ያደረግኩት እኔ! ዓርብ ዕለት! ሰውዬው የራሱን ዓይን ተጠራጠረ።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይባስ። ሐኪሟ የምትመጣው ቅዳሜ ኅዳር 27 ነው። ለሠላሳ አንድ ሰው የተሳሳተው መልእክት ቀድሞ ሄዷል። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች። «አንዲት እናት አሉ፣ እማማ ፀሐይነሽ፣ የዓይን ግፊት ያለባቸው። መስከረምም ጥቅምትም ሐኪሟ ከሄደች በኋላ መጥተው ተመልሰዋል። ይኼኛው ካመለጣቸው እኔ እንጃ» ይላል።

እንጃ ማለት? ግፊት ምን እንደሚያደርግ ፈልጌ አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። የጠፋው አይመለስም ይላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዑቕባዝጊን ቦሌ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ።

«ለማን ለማን ነግረሻል?»

«ለቲጂ። ግን ሁሉም ያውቃል።»

«በቃ እስከ ማክሰኞ፣ እስከ ሠላሳ፣ አታውጪው። የሆስፒታሎቹ ስብሰባ አለ። አሁን ገጹ ላይ ማስታወቂያ ከለጠፍሽ ‹ሰዓት የማያውቅ የቀጠሮ ፕሮግራም› ነው የሚሉን። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ጻፊ።»

«ሐኪሟ እኮ ቅዳሜ ነው የምትመጣው።»

«ሙስአብ አዲስ መልእክት ይላክላቸዋ። ሄርሚ፣ አምስት ዓመቴን ነው የሰጠሁት።»

ክፉ ሰው አይደለም። እሺ አልኩት። ለምንድን ነው ሁሌ እሺ የምለው? እስከ ገርጂ በእግሬ መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠዋት የተወችኝ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። «ዛሬ ሳትነግሪኝ አትነሺም» አለች። ነገርኳት። እማዬ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ኮምፒውተሩን ዘለለችው፣ ሰዎቹን ያዘች።

«ስንቱ ጋ ደወልሽ?»

«ሌላ መልእክት እንልካለን እማ።»

«መልእክቱ አይደል ያሳሳታቸው? አሁን ሁለት መልእክት ይዘው የቱን ይመኑ?»

ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«በድምፅሽ ንገሪያቸው» አለችና ነጠላዋን ልታጥፍ ገባች።

እኔ ስልክ መደወል እፈራለሁ። ለፒዛ እንኳ ቲጂ ናት የምትደውልልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ለጠፍኩት። ገጹ አናት ላይ፣ በደማቁ፦ «ከመጋቢት እስከ ኅዳር 12 በዚህ ገጽ የሠራችሁ፣ ሦስተኛው ምሳሌ ስህተት ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። ኮዳችሁን ፈትሹ፣ መልእክት የላካችሁላቸውን ሰዎች አግኙ።» ከሥር ስሜና ስልኬ። ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅም ጥፋቱ የሙስአብ እንዳልሆነ ደብዳቤ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ግን ለዑቕባዝጊ ደወልኩለት፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ነገርኩሽ እኮ» ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ፈቃድ ወስጄ ክሊኒኩ ሄድኩ። የታካሚ ስልክ ለውጭ ሰው አይሰጥም፤ ደግ አደረጉ። ነርሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በክሊኒኩ ስልክ፣ እሷ እየመታች እኔ እናገራለሁ። ሙስአብን አየሁት። ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጋዋኑ ላይ ቀለም የነካው ሰው። ያንን መመሪያ የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም ነበር እንዴ? ለሱ ነው። ጥፋቱን ተሸክሞልኝ ሻይ አመጣልኝ። ይቅርታ ስለው «ኧረ ተይ፣ አንቺ ባትጽፊው መች እጀምረው ነበር» አለኝ። ያ ደግሞ ከስድብ በላይ አመመኝ።

የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ስሜን እንኳ ሳልናገር በሰዓቱ ጀመርኩ። በአሥረኛው ቀለል አለኝ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከምሳ በፊት። አዎ፣ የቀድሞው ስህተት ነው።» ሠላሳ ሰው አገኘን።

የእማማ ፀሐይነሽ ስልክ ዝግ ነው። ሠፈራቸውን በትክክል የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ዝግ። ስድስት ጊዜ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ዝግ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ክሊኒኩ በር ላይ ቆምኩ። ሁሉም መጡ። እሳቸው አልመጡም። አምስት ሰዓት… አምስት ተኩል… ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ቦርሳዋን ስታነሳ ገባሁ።

«አንዲት እናት ይቀራሉ። እባክሽ ዶክተር።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ስምንት ሰዓት።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እኔ ነኝ እንደዛ ያልኳቸው።»

አየችኝ። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

ሰባት ከአርባ ላይ ብቻቸውን መጡ፣ በአጥሩ እየተደገፉ። «አረፈድሽ እንዳይሉኝ ቀደም አልኩ» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ስልካቸው ተበላሽቶ ነው። ያለፈው መልእክት እንደደረሳቸው ሰዓቱን በቃላቸው ይዘውታል።

የቀኝ ዓይናቸው አልፎበታል። ሐኪሟ እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቀስ ብላ። የግራው በጠብታ ይያዛል፣ በየወሩ ከታየ። «በመስከረም ብታዪያቸውስ ኖሮ?» አልኳት። «እሱን አሁን ማንም አያውቅም» አለች።

ለእማማ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ስልክሽን ስጪኝ አሉኝ፣ ስልኬን ጻፍኩላቸው። ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ወር ሙሉ እዚህ አልጻፍኩም። ስልክ ላይ ነኝ። ማስታወቂያውን አይተው አራት ቦታ ደወሉ፣ ሦስት ክሊኒክና አንድ ትምህርት ቤት፤ ሁሉም በ2 ነበር የሚሠሩት። ሆስፒታሎቹ «እናስብበት» ብለዋል። ዑቕባዝጊ ያናግረኛል፣ ግን ሄርሚ አይለኝም። ቲጂ ትናንት በገጼ ላይ ሰባት ስህተት አውጥታ ላከችልኝ። አራቱን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ሰባቱንም አረምኩ፣ ማን እንዳገኘውም ጻፍኩ።

ዛሬ ለእማማ ፀሐይነሽ ደወልኩላቸው። ቀጠሯቸው ነገ ነው። በልጃቸው ስልክ አነሱ። ሰዓቱን ነገርኳቸው፣ ደገሙልኝ። ከዚያ… አሁን ካልሆነ መቼም አልልም ብዬ፦

«እማማ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሰዓቱን ያሳሳትኩብዎ እኔ ነኝ። መልእክቱ ሁለት ሰዓት ማለት ሲገባው በኔ ስህተት ስምንት ይል ነበር።»

ጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል።

«መልእክቱ ራሱ ነው ስምንት ያለው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ ብዬ። ሌላውን ቁጥር ስምንት ብዬ ያነበብኩ መስሎኝ። ሲቆጡኝም ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ለልጄም አልነገርኩት፣ ዓይኗ ጠፋ ብሎ ከቤት እንዳያስቀረኝ።»

ይቅርታ አልኩ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

«እንግዲያ በትክክል አንብቤ ነበር?» አሉኝ።

«በትክክል ነው ያነበቡት እማማ።»

«በሁለቱም ዓይኔ እኮ ነበር ያኔ» አሉ። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላስታውስም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ እሆናለሁ።