ቀጭኑን ጊታሬን ላልወደዱት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እርስዎ «ግማሽ» ብለው የሰየሙትን ሙሉ ጊታር ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከሠራተኛ አቤቱታ የራቀ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ለዓመታት ምሽት ምሽት ጊታር ስጫወት የኖርኩት ሴት ነኝ። ምናልባት ተረስቼ እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ፣ በአሁኑ ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ከሩቅ ለመለየት አላስቸግርም። እኔም የሚመጣውም ልጅ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል ነው። ጸሐፊዎ እንደሚሉት ስብሰባው ገና አላለቀም፤ እግዜር ያበርታዎት።

ምስጋና ይቅደም። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ የድሮው ጊታሬ፣ ሳጥኑ ወፍራም ነውና፣ ከእቅፌ ይወጣ፣ ክንዴም በላዩ ተሻግሮ ክሩ ጋ ለመድረስ ሲንጠራራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ይህን አይተው፣ የእንግዳ ተቀባዮቹ ኃላፊ ባለችበት፣ «እህቴ፣ ጊታሩ አልመች ካለሽ እስክትገላገዪ ቤትሽ እረፊ፤ የሚመችሽን ካገኘሽ ግን ወንበሩ ያንቺ ነው» ብለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከአለቃ አፍ ሲወጣ ስለማይሰማ ጆሮዬን ተጠራጥሬ ነበር። መጠራጠሬ ልክ ኖሯል።

በቃልዎ ተማምኜ እናቴን አስከትዬ፣ ያበጠ እግሬን እየጎተትኩ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆችን አካለልኩ። የምፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ሳጥኑ ቀጭን፣ ክሩ ናይለን፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚሰካ፣ ዋጋው ደግሞ የሕፃን ልብስ ገና ያልገዛችን ሴት የማያስለቅስ። የመጀመሪያው ቀጭን ሆኖ ክሩ ብረት ነበር። እኔ በጥፍሬ የምጫወት ሴት ነኝ፤ ብረት ጥፍር ይበላል፤ ድምፁም እራቱን በሚበላ እንግዳ ጆሮ ላይ ይጮሃል። ሁለተኛው ምንም አልጎደለውም፤ እናቴ ግን ዋጋውን ስትሰማ «ልጄ፣ ይሄን ከገዛሽ ልጅሽ ጊታር ሊበላ ነው?» ብላ እጄን ይዛ አስወጣችኝ። ሦስተኛው ርካሽ ነበር፤ ሲሰካ ግን የጋለ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ተንጫጫ።

በመጨረሻው ሱቅ ያሉት ሽማግሌ ሆዴን አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር አመጡልኝ። ከዚያም ጀርባው ስለተጫረ ብቻ ዋጋው የወረደ አንድ ቀጭን ጊታር አቀበሉኝ። አቀፍኩት። ክንዴ ሳይንጠራራ ክሩ ላይ አረፈ። ጋሼ እውነቱን አልደበቁኝም፤ ሳጥኑ ስስ በመሆኑ ሳይሰካ ድምፁ የሁለት ሰው ወሬ ያህል እንደሆነ፣ ሲሰካ ግን ሌላ እንደሚሆን ነገሩኝ። ሰካነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነፍሰ ጡር በትንሹ ታለቅሳለች ይባላል፤ እኔ ያለቀስኩት ግን ሥራዬ የተመለሰልኝ ስለመሰለኝ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ጊታሩን ይዤ በደስታ ስመጣ፣ እርስዎ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጀርባውን በጣትዎ አንኳኩተው «ይሄማ ግማሽ ጊታር ነው፤ ሙሉውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። የዚህ ሁሉ ፍለጋ መነሻው ሙሉው ከሆዴ ጋር አልስማማ ማለቱ እንደሆነ በሥራ ብዛት የዘነጉት ይመስለኛል።

፪. ልሰካውና ይስሙት ብዬ ብለምን፣ ከወንበሬ አጠገብ ያለችው ሶኬት ለዓሣው ገንዳ መሰጠቷን በትሕትና አስረዱኝ። ለዓሣ አየር መስጠት የጽድቅ ሥራ ነው፤ አልቀናሁም። የእንግዳ ተቀባዮቹ ኃላፊ ማራዘሚያ ገመድ ይዛ ስትመጣ ግን «ተይው» አሏት። ስለዚህ በጊታሬ ላይ ፍርድ የተሰጠው አፉን ሳይከፍት፣ ያውም የጭማቂ መፍጫው ከባንኮኒው እያጓራ ሳለ ነው።

፫. ያን ዕለት ማታ ወንበሬ ላይ ድምፅ ማጉያ ተቀመጠ። ከእርሱም የሚወጣው የእኔው ጨዋታ ነው፤ አምና ለማስታወቂያ ብለው ያስቀረጹኝ። በዚያ ቀረጻ ላይ አንዱ ዜማ መሐል ክር ተበጥሶብኝ ስስቅ ይሰማል። አሁን ምሽት በመጣ ቁጥር ክሩ ይበጠሳል፣ እኔም እስቃለሁ፣ እንግዶቹም ዘወር ሲሉ ሴትየዋን ያጧታል። ቤቴ ተኝቼ ሥራ ላይ መዋሌ ድንቅ ነው፤ ደመወዙ ብቻ የቤቴን መንገድ አላወቀውም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ሰለቸኝ። «ነፍሰ ጡር ሴት ከፊት ስትቀመጥ ለእንግዳ ዓይን አይመችም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ግድግዳ ጆሮ አለው፤ የሆቴል ግድግዳ ደግሞ ምላስም አለው። ክቡር ሆይ፣ ይህን መጀመሪያውኑ ቢሉኝ ምን ነበረበት? «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ይባል የለ! ላም ባልዋለበት ኩበት እንድለቅም ከነሆዴ ከሱቅ ሱቅ ላኩኝ፤ ወፍራሙ ሲሆን ወፈረ፣ ቀጭኑ ሲሆን ቀጠነ። ተናድጃለሁ። ንዴቴን በጨዋ ቃል ለመሸፈን የቻልኩትን ያህል ሞክሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ አይሸፈንልኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ ምሽት በተለመደው ሰዓት ጊታሬንና የራሴን ማራዘሚያ ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ሻንጣ ተሸካሚ ወንድሞቼ ድምፅ ማጉያውን ከወንበሬ ላይ በክብር እንደሚያነሡልኝ ቃል ገብተውልኛል። ዓሦቹ አየራቸው አይነካም። ሊያስቆሙኝ ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ ብቻ በእንግዶች ፊት ቆመው ምክንያቱን በራስዎ አፍ ይንገሩኝ። ጣቶቼን አስቀርቶ ሆዴን ወደ ቤት መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ የአንዲት ሴት ናቸው፣ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። እኔን ካልፈለጉኝ ቀረጻውንም ያጥፉልኝ።

ለእንግዶች ዓይን ያለዎት አሳቢነት ለጆሯቸውም ይተርፍ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እንድነሣ ሁኔታዬ ስለማይፈቅድልኝ ቀና እንዳልኩ የምሰናበትዎ፣

የአዳራሹ ጊታር ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለእንግዳ ተቀባዮች ኃላፊ
ለሻንጣ ተሸካሚዎች
ለእናቴ
ለዓሦቹ፣ በገንዳቸው

ሳልረሳው፦ በአዳራሹ ሆድ ለዓይን የማይመች ከሆነ፣ ደንቡ ለሁላችን እኩል ይሁን። ጠዋት ጠዋት ከእርስዎ ቀድሞ በሩን አልፎ የሚገባውን የእርስዎን ሆድ እኛ ሠራተኞች ከመቀመጫችን ተነሥተን ስንቀበል ኖረናል፤ ቤትዎ ይረፉ ያለዎትም የለም። የእኔ እንኳ የሚወርድበት ወር ይታወቃል።