ደርባን ያልደረሰው ካራቫን

ጆሃንስበርግ፣ ጀርሚስተን
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ የጌዴዎን አባት፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ጉልበትህ ጋብ ብሎልህ፣ ላሞቹም ጠግበው ገብተው፣ አንተም ትኩስ ነገር ቀምሰህ እንዲያገኝህ ጌታን እለምናለሁ። ደመላሽ ለእህቱ ሰርግ ሆሳዕና እንደሚመጣ ብሰማ ነው ብዕር ያነሣሁት። እዚህ አቅራቢያ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ከእኛ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ጨዋ ልጅ ነው። ምሳ ሳታበላው እንዳትሸኘው።

በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስንነጋገር ጌዴዎን አጠገቤ ነው፤ ሚስቱ ሰላማዊት ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ የልጅ ልጃችን ዮአዳን ደግሞ ስልኩን ከእጄ ትቀማኛለች። እንዲህ ባለ ቤት ሰው ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምን ይላል? አንተም ደህና ነኝ ትላለህ፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ፣ ስልኩም ይዘጋል።

ግን አስካለች ነግራኛለች። ጓሮ ወድቀህ፣ የሚያነሣህ ጎረቤት እስኪደርስ መሬት ላይ መቆየትህን እህቴ አልደበቀችኝም። ስለደበቅኸኝ አልቆጣህም። እኔስ ስንቱን ደብቄህ የለ?

የምኖርበትን ግቢ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በአጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። በሩም የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ እዚህ መብራት በየተራ ሲያጠፉ በሩም ከነሰዉ ክርችም ይላል። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት "ሳውቦና ጎጎ" ይለኛል፤ እንደምን አደርሽ አያቴ ማለቱ ነው። እኔም "ዬቦ"፣ አዎ እንደማለት፣ እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እኔም ቋንቋው ያልቅብኛል፣ እሱም ወደ ሥራው ይመለሳል። ሌላ የማናግረው ሰው ሳይኖር ልጆቹ ከሥራ ይመጣሉ። ብቻዬን ወጥቼ እንዳልሄድ ጌዴዎን አጥብቆ ይከለክለኛል። የመግቢያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ይራዘምልኝ ብለን ያስገባነው ማመልከቻ "በመታየት ላይ ነው" ከመባል አልፎ አያውቅም። ዮአዳን ስትወለድ እናቷን ላርስ የመጣሁ ሴት፣ ልጅቱ እየሮጠች ታመልጠኛለች፤ እኔ ግን እዚያው ነኝ።

ልጅህ ይህን ያያል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ አሮጌ ካራቫን ገዛ። ካራቫን ማለት መኪና የሚጎትተው፣ አልጋና ምድጃ ያለው ትንሽ ቤት ነው። የዚህ አገር ሰው በዕረፍቱ ይህን እየጎተተ፣ በደረሰበት እየሰፈረ ያድራል።

"እማዬ፣ ወረቀትሽ እስኪመጣ አገሩን አሳይሻለሁ" አለኝ። "ደርባን ወስጄ ባሕሩ ዳር ነው የማስተኛሽ።"

መጋረጃውን እኔ ሰፋሁ። ሰላማዊት የማይሰበር ሳህን ገዛች። ጌዴዎን ጎማዎቹን ቀየረ። በሰኔ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። እዚህ የነዳጅ ዋጋ የሚለወጠው በየወሩ መጀመሪያ ረቡዕ ነው። የሩቅ ሰው ጦርነት እዚህ ድረስ ደርሶ ቤንዚኑ በሰኔ ጨመረ፤ በሚቀጥለውም ወር ጨመረ። ጌዴዎን የሚሠራው ጭነት መኪና ያላቸው ሰዎች ጋ በሒሳብ ክፍል ነውና ወሬውን ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል። ማክሰኞ ፊቱን ሳይ ረቡዕ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር።

"ካራቫን ሲጎትት መኪናው እጥፍ ይጠጣል እማዬ። ለገና እንሂድ" አለኝ።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ባሕሩ ቀርቶ ግማሽ መንገድ ላይ ያሉት ተራሮች ሆኑ። ኅዳር ላይ እንደገና ሲጨምር ተራሮቹም ቀሩ። ካራቫኑ በረንዳው ጎን ቆሞ ከረመ። የግቢው ኮሚቴ መተላለፊያ ዘጋችሁ እያለ ይጨቃጨቀናል። እኔ ቀን ቀን ገብቼ እጸልይበት ጀመር። እንደ ቤቱ ሳይሆን እዚያ ውስጥ እስር ቤት ያለሁ አይመስለኝም ነበር፤ ጎማ ስላለው ይሆናል።

በመጨረሻ የሄድነው ቫል ወንዝ ዳር ነው፤ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ሙቀቱ እንደ እሳት ነበር፤ ነዳጅ እንዳይበላ ብሎ ጌዴዎን የመኪናውን ማቀዝቀዣ አጠፋው። ዳገት ሲመጣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቁልቁለት ሲሆን ይተነፍሳል። ስንደርስ ቦታው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። ባሕር ሊሄድ የነበረ የጆሃንስበርግ ሰው ሁሉ ቤንዚኑ እዚያ ላይ ያቆመው ይመስላል። የድንኳኑ ገመድ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፤ የአንዱ ጢስ ለአንዱ ነው። ወንዙን ለማየት የሰው ልብስ ማስጫ መግለጥ ነበረብኝ።

አጠገባችን ሪታ የምትባል አሮጊት ነጭ ሴት ነበረች። የእሷ ካራቫን ጎማው እስከ ግማሹ ድረስ መሬት ውስጥ ገብቷል። በዙሪያው አበባ ተክላለች፤ ዶሮም አላት። ሻይ ውስጥ እየነከሩ የሚበሉትን ደረቅ ዳቦ በሳህን ይዛ መጣች። እኔም ከያዝነው ቆሎ ዘገንኩላት። ሰላማዊት መካከላችን ተቀምጣ ታስተረጉማለች።

ባሏ ጡረታ ሲወጣ ቤታቸውን ሸጠው አገሩን ሊዞሩ ተነሡ። እዚያ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ነዳጅ ተወደደ። "እስኪቀንስ ትንሽ እንቆይ አልን" አለች።

"ከዚያስ?"

"ቆየን።"

ባሏ እዚያው አረፈ። እኔም ለሰላማዊት፣ "አሁን ዋጋው ቢቀንስ ትሄጃለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አልኳት።

ሪታ ሳቀች። "በምን? መኪናውን ሸጥኩት እኮ" አለችና ዶሮዎቿን ጠርታ ፍርፋሪውን በተነችላቸው። አላዘነችም። የጌዴዎን አባት፣ ያስደነገጠኝ አለማዘኗ ነው። ለምዳዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ጌዴዎን ሥጋ ሊጠብስ ከሰል ያቀጣጥል ነበር።

"ጌዲዬ፣ ወደ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ገና ትናንት መጣን እኮ እማዬ። ሙቀቱ ነው? እሑድ እንመለሳለን።"

"ጀርሚስተን አላልኩም። ሆሳዕና።"

ማራገቡን አቆመ። "ወረቀትሽ ሳይመጣ? አሁን ከወጣሽ ለዓመታት አያስገቡሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ባሕሩስ? ቤንዚን ትንሽ ይቀንስ እንጂ ለፋሲካ ደርባን እወስድሻለሁ። አንዴ ብቻ ታገሺኝ።"

"ልጄ፣ እኔ ባሕር ፍለጋ አልመጣሁም። አባትህ ወድቆ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "አክስቴ ነግራኛለች።"

ለካ እሱም ያውቅ ነበር። ሦስታችንም እያወቅን ሦስታችንም ደህና ነኝ እንባባላለን። ያን ጊዜ ማራገቢያውን ጣለና ከሰሉ ፊት ቁጭ አለ። ጢሱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንኳ አልተነሣም።

"እማዬ፣ እኔ በያዝኩት የጥገኝነት ወረቀት አገር ቤት ከረገጥኩ ወደዚህ መመለሻ የለኝም። ሚስቴና ልጄ እዚህ ናቸው። አንቺም ከወጣሽ መግቢያ የለሽም። ቤንዚኑ እስኪቀንስ እያልኩ ያቆየሁሽ…"

አልጨረሰውም፤ እንዲጨርሰውም አልጠበቅሁም። ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ጠጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ በስልክ አይታይህም ይሆናል።

ሰላማዊት ልጅቱን አቅፋ ቆማ ነበር። ልጅቱን ስለምጠብቅላቸው እንድቀር የምትፈልገው እሷ ትመስለኝ ነበር፤ በልቤ ቅር ስሰኝባትም ከርሜያለሁ። ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛውን እዚህ አልጽፈውም። ሁለተኛው "እማማ ይሂዱ ጌዲ። ዮአዳንን እኔ እሆንላታለሁ" የሚል ነው። የሟች እናቷን ፊት በመጨረሻ ሳታይ የቀረች ልጅ መሆኗን ታውቃለህ።

ማታ ጌዴዎን እግሬን ሊያጥበኝ ውኃ አሙቆ መጣ።

ካራቫኑን ለቲኬቴ ሲል ሸጠው። የገዛው ፀጋዬ የሚባል የሀዲያ ልጅ ነው፤ ካትሌሆንግ ከሱቁ ጀርባ አቁሞ ይተኛበታል። ጌዴዎን ሊያስረክበው ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ጎማዎቹን አውልቀው በብሎኬት ላይ አስቀመጡት። መጋረጃሽን ልውሰደው ወይ ብሎ ጌዴዎን ጠየቀኝ፤ ተወው፣ ልጁ ፀሐይ እንዳይመታው አልኩት።

የምነሣው በየካቲት አጋማሽ ነው። ልብሴን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ትናንት ዮአዳን ክፍቱ ሻንጣ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሰላማዊት ልታነሣት ስትል፣ ተያት፣ ትንሽ ትቀመጥ አልኳት።

መናኸሪያ ብቻህን ና። ዘመድ አዝማድ አትሰብስብ። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሲሉኝ ፊቴን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ከቀናት በኋላ ቢመጡ ይሻላል፤ ያን ጊዜ አጫውታቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ከእንግዲህ ልጅህ ሲደውል "መቼ ነው የምትመጣው?" ብለህ አትጠይቀው። ስለ ዝናቡ አውራው። የትኛዋ ላም እንደወለደች ንገረው፤ ሥራ እንዴት ነው በለው። እሱ ሲስቅ አንተም ሳቅለት። ስልኩን ስትዘጋ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ።

እስከዚያ ድረስ በዝናብ ጊዜ ብቻህን ጓሮ አትውጣ። ጌታ እርምጃህን ያጽናልህ፤ ይህንንም ቤት፣ ያንንም ቤት ይጠብቅልን።

ባለቤትህ
ኤርጎጌ